ጓንቱ ልክህ ሆነ ወይ?

እናንተ የቪዝማን ፎቶ በየቀኑ ከፍታችሁ የምታዩ ሰዎች፣ እስቲ በሞቴ ንገሩኝ፤ ምንድን ነው ያያችሁት?

ክር አይታችኋል። የሹራብ መርፌ አይታችኋል። ድንች የተላጠበትን ጎድጓዳ ሳህን፣ ምድጃው አጠገብ የተሰጣውን እርጥብ ካልሲ፣ እንፋሎት ያለበሰውን የአውቶቡስ መስኮት አይታችኋል። ይህን አይታችሁ «ይህችን ልጅማ እናውቃታለን» ማለት ጀመራችሁ። ዳቦ ቤት ስታገኟት «የትናንቱ የግራጫ አተር ወጥሽ ሥጋ አነሰው እኮ!» ብላችሁ ቀለዳችሁባት። ልጅቷ ዓይናችሁ ሥር ስትከሳ ግን አንዳችሁም ልብ አላላችሁም። እንዲያውም «እንዴት ያለ የተረጋጋ ኑሮ ነው!» ብላችሁ ጻፋችሁላት። የተረጋጋ! በእኛ አገር ወንዝ የሚረጋው በረዶ ሊሆን ሲል መሆኑን እናንተው ታውቁታላችሁ።

እንግዲያው ያላያችሁትን ስሙ።

ቪዝማ ከኩልዲጋ ከተማ ወዲህ ባለችው ትንሿ ከተማችን፣ በእጅ ሥራ ትምህርት ቤቱ ሹራብ የምትማር ልጅ ናት። መምህርቷ ስካይድሪቴ በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ለተማሪዎቿ አንድ ትእዛዝ ሰጠች። «በቀን አንድ ፎቶ አንስታችሁ በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ አውጡ። ሹራብ የሚማር ሰው እንዴት እንደሚውል ሰው ይይ። ግን እንዳታሽሞነሙኑት! የተበላሸውንም፣ የተተረተረውንም፣ የፈሰሰውን ሻይም አሳዩ» አለች። ሌሎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሰለቻቸው። ቪዝማ ግን አንድ ቀን አላቋረጠችም። መምህርቷ ትጋት መሰላት። አልነበረም። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የአንድ ሰው ቃል ስለሚጠብቃት ነበር።

ሰውየው አርኒ ይባላል፤ ከባሕሩ ማዶ፣ በሰሜን ያለችው የፊንላንድ ሰው ነው። በጸደይ ወራት የቤተ ክርስቲያናችንን አሮጌ ኦርጋን ሊያድሱ ከመጡት ሠራተኞች አንዱ ነው። ከቁልፎቹ ሥር የሚነጠፍ የበግ ፀጉር ብትን ጨርቅ ቸግሮት አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። በሩን ከፈተ፤ ሹራብ የያዙ ሴቶች ሞልተዋል። ጉንጩ ቀላ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ቪዝማ ስለነበረች እሷን አያት።

«ደህና አደርክ?» አላት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እኔ ወንድ ነኝ እንዴ?» አለች ቪዝማ መርፌዋን ሳታቆም።

«ይቅርታ። በእኛ ቋንቋ እሱና እሷ አንድ ቃል ናቸው። እኔ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። ትናንት ፓስተሩን ‹እናመሰግንሻለን› ብዬዋለሁ።»

ከኋላ አንዷ ቀበጥ፣ «ታዲያ እናንተ አገር ሰው ማንን ማግባት እንዳለበት በምን ያውቃል?» አለችው።

አርኒ የቀልድ ሰው አይመስልም። ረጅም ነው፤ ትከሻው ጎበጥ ብሏል፤ በኦርጋን ሆድ ውስጥ ሲሾልክ የሚውል ሰው እንዲህ ይሆናል። ጥያቄውን ግን በቁም ነገር አሰበበት።

«ቀስ ብለን እናያለን። ክረምቱ ረጅም ነው» አለ።

ቪዝማ ያኔ ቀና አለች። ያን ቀን ያወጣችው ፎቶ አንድ ብትን ጨርቅና ጫፉ ላይ የተረሳ መቀስ ብቻ ነበር። ሥሩ ላይ «አመሰግናለሁ። ኦርጋኑም ያመሰግንሃል» የሚል ተጻፈ። ስልኳን ደረቷ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች፤ ይህች «ሃል» የምትባል ስሕተት ከማንኛውም «ሻል» ይልቅ ለእሷ ብቻ የተባለች መስሎ ተሰማት።

*

እናቷ ራስማ ነገሩን ያወቀችው ከሰው ነው። ራስማ የወተት ፋብሪካው ውስጥ አይብ ትሠራለች፤ እጇ ሁልጊዜ ቀይ፣ ምላሷ ሁልጊዜ ስል ነው። ባሏ እንጉዳይ ሊለቅም አየርላንድ ሄዶ፣ መጀመሪያ ገንዘብ ላከ፣ ቀጥሎ ካርድ ላከ፣ ቀጥሎ ምንም አልላከም። ከዚያ ወዲህ ራስማ ሻንጣ የያዘ ወንድ ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ከተማ ወንድ ጠፍቶ ነው?» አለቻት አንድ እሑድ፣ አጃ ዳቦ እየቆረጠች።

«ማን ጠፋ አለ?»

«የፈረሰ ኦርጋን የሚጠግን ሰው ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል። ሥራው መሄድ ነው። ነገ ሌላ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላ መንደር፣ ሌላ ሹራብ ሠሪ።»

«አርኒ እንደዚያ አይደለም፣ እማ።»

«አባትሽም እንደዚያ አልነበረም» አለች ራስማ። ቢላዋውን አስቀመጠች። ዳቦው ሳይበላ ደረቀ።

በበጋው መጨረሻ፣ የኦርጋኑ ቧንቧዎች ታጥበው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ሣሩ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ፣ አርኒ ከጎኗ ተቀምጦ አንዱን ትንሽ ቧንቧ በአፉ ነፋ። ድምፁ እንደ ወፍ ጫጩት ሆነ። ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

«መኸር ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። ወደ ሰሜን እሄዳለሁ። ብቻዬን መሄድ አልፈልግም» አለ። ቃላቱን ሲመርጥ እንደ ሽቦ ያጥፋቸዋል። «ቪዝማ፣ ታገባኛለህ?»

«ታገቢኛለሽ ነው የሚባለው።»

«ታገቢኛለሽ?»

ጆሮዋ እንደ ፍም ጋለ። አፏ ሊከፈት ነበር። ግን የሹራብ ልጅ ናት! የእኛ አገር ሴት፣ ያውም መርፌ የያዘች ሴት፣ እንዲህ ላለው ነገር በአፏ ብቻ ትመልሳለች? አፍ ያለው ሁሉ ይናገራል።

«መልሱን በእጅህ አስይዝሃለሁ» አለችው።

«በእጄ?»

«አዎ፣ በእጅህ። ትንሽ ታገስ።»

በእኛ ዘንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ከጥንት ጀምሮ ለጋብቻ የተጠየቀች ሴት፣ ወንዱን ከወደደችው፣ በእጇ የሠራችውን ጓንት ትሰጠዋለች። አውራ ጣት ብቻ የተለየበትን፣ ሌሎቹ ጣቶች አብረው ሙቀት የሚካፈሉበትን ጓንት። ተቀበለ ማለት አለቀ ማለት ነው፤ ሽማግሌ ቢጠራ፣ ድግስ ቢደገስ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጌጥ ነው። ዛሬ ወጣቱ በስልክ «እሺ» ተባብሎ ይጋባል፤ ይጋባ። ቪዝማ ግን እሺታዋ ዓይን በዓይን፣ ረድፍ በረድፍ እንዲሠራ ፈለገች። አርኒ ከሣሩ ላይ ሲነሳ ፊቱ ላይ የነበረው ተስፋ ቀኑን ሙሉ ከእሷ አልተለየም።

*

መኸሩን ያያችሁት እናንተው ናችሁ። ነጭ መደብ፣ ጥቁር ሰማያዊና የጡብ ቀይ ክር፣ ስምንት ጫፍ ያለው የንጋት ኮከብ። አንጓው ላይ ዘርፍ። አንድ ቀን ጓንቱ የጣት ቁመት ያህል ሆኖ የቡና ስኒ አጠገብ ታየ። ሌላ ቀን አውቶቡስ ውስጥ፣ ጭኗ ላይ፣ ከመስኮቱ ውጭ ጭጋግ። ሌላ ቀን ደግሞ ተተርትሮ፣ ክሩ እንደ በግ ጠጉር ተጠቅልሎ ታየ፤ ኮከቡ አንድ ቦታ ስቶባት ነበር። ያን ቀን አርኒ «አዝናለሁ» ብሎ ጻፈ። እሷም «አትዘን፤ ይደገማል» አለችው።

በየቀኑ ይጠይቃት ነበር። «በጣም ቆንጆ ነው። ለማን ነው?»

«ለእጅ።»

«ለማን እጅ?»

«ሲያልቅ ታየዋለህ።»

እናንተም ከሥር ከሥር የሳቅ ምልክት ስትደረድሩ ከረማችሁ። አርኒ ለገና ገበያ የምትሸጠው መሰለው። አንድ ቀን እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በክር ስትለካው፣ «ምን ታደርጋለህ?» ሲላት፣ «የኦርጋን ሠሪ እጅ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ» ብላ አሾፈችበት። እጁን አላነሳም። እሷም ክሩን ቶሎ አልሰበሰበችም።

የመሄጃው ቀን ደረሰ። ኦርጋኑ ቆሟል፣ ተቃኝቷል። የሠራተኞቹ መኪና ሞተሩ ተነስቶ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሟል። ፓስተሩ አለ፣ የመዘምራኑ ሴቶች አሉ፣ የአርኒ አለቃ ሽማግሌው ኦላቪ የመሣሪያ ሣጥኑን እየጫነ ነው። ቪዝማ ከትምህርት ቤት ሮጣ መጣች። ትንፋሿ አልተመለሰም። ጓንቱን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«መልሴ ይኸውና» አለችው።

አርኒ ጓንቱን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ደሙ ከፊቱ ሸሸ፤ ከንፈሩ እንኳ ነጣ። ኦላቪ ከመኪናው ኋላ ብቅ ብሎ ጓንቱን ሲያይ ቆቡን አወለቀ፤ መጥቶም እጁን የልጁ ትከሻ ላይ ጣለ። የመዘምራኑ ሴቶች ዓይናቸውን አበሱ።

«ገባኝ» አለ አርኒ። «አመሰግናለሁ። ገባኝ።»

ጓንቱን ደረቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። መኪናው ሄደ። ቪዝማ መንገዱ ዳር ቆማ እጇን አወዛወዘች፤ ከደስታ ብዛት ነው ቃል ያጠረው ብላ አሰበች። በማግስቱ ጠዋት፣ ፈገግታዋ ሳይከስም፣ በስልክ ጻፈችለት። «ጓንቱ ልክህ ሆነ ወይ?»

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቀኑ መሸ።

«ልክ ነው። በጣም ልክ ነው። ደህና ሁን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህች «ሁን» ትስቅ ነበር። አሁን ግን ደጋግማ አነበበቻት። ሰው ለወደዳት ሴት የሚጽፈው ቃል አይመስልም፤ ባቡር ላይ ተዋውቆ ጣቢያው ሲደርስ ለሚለየው መንገደኛ የሚባል ቃል ይመስላል። 

*

«አትደውልም ነበር ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። ደወለች! እዚህ ሳለ የያዘው ቁጥር ተዘግቷል። በገጹ በኩል «ደህና ነህ ወይ?» ብላ ጻፈችለት። «ደህና ነኝ። ሥራ ብዙ ነው» አላት። ከዚህ በላይ ልትለምነው ነው? ኩራት ያላት ልጅ ናት፤ ኩራቷንም ከእናቷ ነው የወረሰችው። ከዚያ ወዲያ በፎቶዎቿ ሥር አንድ ቃል አልጻፈም። የሚገርመው ግን፣ ካዩት ሰዎች መካከል ስሙ በየቀኑ ይታያል። ያያል። ዝም ብሎ ያያል። ይህ ዝምታ ነው ያከሳት፤ ጨርሶ የጠፋ ሰው ይረሳል፣ መስኮት ላይ ቆሞ የማያንኳኳ ሰው ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ራስማ ነገሩን ስትረዳ «አልኩሽ አይደል?» አለች አንድ ጊዜ። የልጇን ፊት አይታ ሁለተኛ አልደገመችም። ሳህኗ ላይ ትልቁን ድንች አስቀመጠችላትና ወጥታ ሄደች።

ፎቶውማ ቀጠለ። ባዶ የክር መጠቅለያ። በጭጋግ የተዋጠ አጥር። መምህርት ስካይድሪቴ «ቪዝማ፣ ሥራሽ ጠበቀብኝ። ክሩን እያነቅሽው ነው» አለቻት። ቪዝማ «እሺ መምህርት» አለች፤ ክሩን ግን ማላላት አልቻለችም።

የገና ገበያው ሲከፈት ተማሪዎቹ አደባባዩ ላይ ሥራቸውን ዘርግተው ይሸጣሉ። በረዶ ወርዷል። ከጎናቸው በጭስ የበሰለ ዓሣ የሚሸጥ አለ፣ ትኩስ የቤሪ ጭማቂ የምትቀዳ አለች። አንዲት ወፍራም፣ ደስተኛ ሴት ባሏን እየጎተተች መጣች፤ ከንግግራቸው ፊንላንዳውያን መሆናቸው ያስታውቃል። ቪዝማ አንገቷን ደፋች። ሴትየዋ ግን ኮከብ ያለበትን ጓንት አንስታ ወደ ባሏ ዞራ ዘረጋችለት። ሰውየው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ኋላ ሸሸ! ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

«ምነው፣ አልወደደውም?» አለች ቪዝማ በምትችላት እንግሊዝኛ።

«አይ የኔ ልጅ፣ ሥራሽማ ድንቅ ነው» አለች ሴትየዋ ዓይኗን እየጠረገች። «ቀልድ ነው። ወጣት ሳለን ይሄ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለት ጊዜ ጓንት ሰጥቼዋለሁ። አሁንም ይፈራኛል።»

«ሁለት ጊዜ? አንዱ አልበቃም?»

«አልበቃውም! ድርቅና! በሦስተኛው ራራሁለት።»

ቪዝማ አልገባትም። «ጓንት ከሰጠሽው ለምን እንደገና ይጠይቅሻል?»

ሴትየዋም አልገባትም። ሁለቱ በጠረጴዛው ላይ ተያዩ። ከዚያ ሴትየዋ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደምታስረዳ፣ ተናገረች። «እኛ ዘንድ ‹ጓንት ሰጠችው› ማለት ‹አልፈልግህም አለችው› ማለት ነው። ወንድ ለጋብቻ ጠይቆ ጓንት ከታቀፈ፣ በቃ፣ መንገዱን ይሂድ። እናንተ ዘንድስ?»

 በቪዝማ ዓይን ላይ የመጣው የአርኒ ነጭ ከንፈር ነው። ኦላቪ ቆቡን ማውለቁ ነው፤ ለካ የደስታ አልነበረም፣ የሐዘን ነበር። የመዘምራኑ ሴቶች እንባ ነው፤ እሷ የደስታ መስሏት፣ እሱ ግን የሐዘኔታ መስሎት ነበር። «ገባኝ» ማለቱ ነው። እሷ በየቀኑ የእሺታዋን እድገት ስታሳየው፣ እሱ በየቀኑ «ቆንጆ ነው» ሲል የከረመው ለገዛ እምቢታው ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያ መልእክት! የተባረረ ሰው ደጅ ላይ ሄዳ፣ ፈገግ ብላ፣ «ልክህ ሆነ ወይ?» ብላዋለች!

የክር ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። ሴትየዋ ደንግጣ ትኩስ ጭማቂ አመጣችላት። ቪዝማ ስኒውን ያዘች፤ ትኩሳቱ ግን መዳፏ ላይ ቀረ፣ ወደ ውስጥ አልዘለቀም።

*

ቤት ስትደርስ ራስማ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ካሮት ትፍቃለች። ቪዝማ ኮቷን ሳታወልቅ ሁሉንም ዘረገፈችው። እናትየው ካሮቱን እየፋቀች ሰማች። ሲያልቅ፣ ሳይታሰብ፣ ከት ብላ ሳቀች።

«እማ! ያስቃል?»

«አያስቅም። ግን ጅሎች ናችሁ። ሁለታችሁም።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?» ቪዝማ እንደ እሳት ነደደች። «እሱ አይደል? ስንት ወር አብሮን ኖሮ፣ ዳቦአችንን በልቶ፣ አንድ ቀን ‹ይህ ነገር እናንተ ዘንድ ምን ማለት ነው?› አይልም? ኦርጋን አንድ ድምፅ ቢሳሳት ውስጡ ገብቶ ሲፈልግ የሚያድር ሰው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ‹ገባኝ› ብሎ መኪና ይሳፈራል? ምኑ ነው የገባው?»

«አንቺስ? ፊቱ ሲነጣ አይተሽ ‹ምነው?› ብለሻል?»



ራስማ ካሮቱን አስቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔ አባትሽን አንድ ቀን በግልጥ ‹ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም?› ብዬ ጠይቄው አላውቅም። በልቤ ስጠይቀው ኖርኩ። በልብ የተጠየቀ ሰው ደግሞ አይመልስም። ምናልባት መልሱ ያው ይሆን ነበር። ግን ባውቅ፣ ያን ሁሉ ዘመን በር በተንኳኳ ቁጥር አልደነግጥም ነበር።»

ምድጃው ውስጥ እንጨት ተሰነጠቀ። ቪዝማ እናቷን በዚህ ፊት አይታት አታውቅም፤ ያለ ስል ምላሷ ራስማ ወጣት ትመስላለች።

«እንግዲያው ልጻፍለት» አለች ቪዝማ ስልኳን እያወጣች። «ለብቻው እነግረዋለሁ።»

«ለብቻው?» ራስማ ብድግ አለች። ቁጣዋ ተመለሰላት። «ጓንቱን ለብቻው ሰጠሽው? በፓስተሩ ፊት፣ በአለቃው ፊት፣ በመዘምራኑ ሁሉ ፊት ነው ያዋረድሽው! በአደባባይ የወደቀ ሰው በጓዳ አይነሳም። ከንፈር የመጠጠለት አለቃው እንኳ እውነቱን ይወቅ እንጂ!»

«ቢያፍርስ? ቢተወኝስ? ሰው ሁሉ እያየ እምቢ ቢለኝስ?»

«እምቢ ካለሽ እምቢ አለሽ። እኔ አለሁ። ቢያንስ ሁለታችሁም ምን እንደተባላችሁ ታውቃላችሁ» አለች ራስማ፤ ኮቷንም ከመስቀያው አወረደች። «ተነሺ። ቀኑ ሳይመሽ።»

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ያ መኪና ቆሞበት ከነበረው ቦታ፣ ቪዝማ ቆመች። ከውስጥ ኦርጋኑ ይሰማል፤ አንድ ሰው ለእሑድ ይለማመዳል፤ ይሳሳታል፣ ይመለሳል። ራስማ ስልኩን እንደ ትኩስ ድስት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ወደ ፊት አለች።

«እማ፣ ጣትሽን ከፊቱ አንሺ።»

«የቱን ጣት? ዝም በይ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ! ለመሆኑ ይህን ሁሉ ጊዜ ስታነሺ ፊትሽ በአንዱም የለም ምነው?»

«የማነሳው እኔ ነኛ።»

«ዛሬ እኔ ነኝ የማነሳሽ» አለች ራስማ፤ ፎቶውንም አነሳች። ትንሽ ተንጋዷል። ጉንጯ በብርድ ቀልቷል፣ ዓይኗ በቀጥታ ያያል፤ አታባብልም፣ አትለምንም። ቪዝማ ሳታስተካክለው በገጹ ላይ አወጣችው። ከሥሩ፣ ጣቷ እየደነዘዘ፣ ማንም ሳያርማት እንዲህ ብላ ጻፈች።

«አርኒ፣ ጓንቱን በሰው ፊት ሰጥቼሃለሁ፤ ስለዚህ ይህንንም በሰው ፊት እጽፋለሁ። እናንተ አገር ጓንት እምቢታ መሆኑን የሰማሁት ዛሬ ነው። እኛ አገር እሺታ ነው። በበጋው ሣር ላይ ለጠየቅኸኝ የመለስኩልህ እሺ ብዬ ነው። መኸሩን ሙሉ ስሠራ የከረምኩት እሺን ነው። ልክህ ሆነ ወይ ስልህም እጅህ እንዳይበርደው ብዬ እንጂ ላላግጥብህ አልነበረም። ይቅርታ። ፊትህ ሲነጣ አይቼ ዝም ያልኩት ጥፋቴ ነው። ግን አንተም ነፃ አይደለህም! በሰው አገር ሰው ጓንት ሲሰጥህ ‹ምን ማለትሽ ነው?› የምትል ቃል አጣህ? ‹ማለትህ ነው› ብትል እንኳ እኔ አርምህ ነበር።

«ፎቶዎቼን በየቀኑ እንደምታያቸው አውቃለሁ። ይህንንም ታየዋለህ። በግል እንዳትጽፍልኝ፤ አልከፍተውም። እናቴ አጠገቤ ቆማለች፣ ከተማው ሁሉ ያነብባል፣ አለቃህ ኦላቪም ያንብብ። አሁን ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ታገባኛለህ ወይስ አታገባኝም? እዚሁ ሥር፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ፣ መልስልኝ።»